ቀጭ የማይለው ቁልፍ

ልብስ ሰፊው እጁ ፈጣን ነው። ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ጉራ ነው ብለን እናልፈው ነበር፤ ግን የማይወዱትም ሰዎች ይሉታል። የማይወዱት ሰዎች እንኳ ብዙ አይደሉም፤ ሱሪያቸው ያጠረባቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሸሚዝ ቁልፍ ሊተክል ቁጭ ሲል፣ መርፌዋ በየት ገብታ በየት እንደወጣች ሳይታይ ክሩ ተቋጥሮ፣ ተበጥሶ፣ ሥራው አልቆ ይገኛል። ሠላሳ ዓመት እንጀራውን የበላው በዚህ ፍጥነት ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣበትም በዚሁ ፍጥነት ነው።

ሱቁና ቤቱ አንድ ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናው፣ የካውያው ጠረጴዛና ሰውን ከራስ እስከ እግር የሚያሳየው መስታወት አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃና አንድ መስኮት አለ፤ መስኮቱም ከጎረቤት ግድግዳ በቀር የሚያየው ነገር የለውም። እዚያ የሚኖሩት እሱና የሰባት ዓመት ልጁ ናቸው። ሚስቱ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ታማ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ የሚመጣ ሰው አለ፤ ወደ ቤቱ የሚመጣ ግን የለም። ሰው ሱሪውን አስለክቶ፣ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ መጋረጃውን ሳያይ ይወጣል።

ልጅቷን ድንቡሼ ይላታል። ክብ ፊት፣ አጫጭር ጣቶች፣ ያየችውን ሰው ሁሉ ድሮ የምታውቀው የሚያስመስላት ፈገግታ አላት። የተወለደች ለት አዋላጇ «እንኳን ደስ አላችሁ» ልትል አፏን ከፈተችና ሕፃኗን አየት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ዳውን ሲንድረም የሚለውን ቃል ከሐኪሙ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ያልረሳው ያንን የተዘጋ አፍ ነው። የድንቡሼ ጡንቻ ልል ነው። ማንኪያ የምትይዘው በመዳፏ ሙሉ ጨብጣ ነው፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተገናኝተው ትንሽ ነገር መቆንጠጥ ይከብዳቸዋል። ትችላለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። አባት ደግሞ ቀስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ የሚያለብሳት፣ ጫማዋን የሚያስርላት፣ ዳቦዋን የሚቆርስላት እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት አገጯን ቀና አድርጋ ትቆማለች፤ እሱ ከታች እስከ ላይ በአምስት ሰከንድ ቆልፎ አፍንጫዋን ነካ ያደርጋታል፤ ትስቃለች። ያ ሳቅ ባይኖር ቤቱ ውስጥ ከመኪናው በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

በዚህ መሀል፣ እንደ ድንቡሼ ላሉ ልጆች የተለየ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ክፍት እንዳለው ሰማ። አውቶቡስም አለው። ይዟት ሄደ። የተቀበለችው ልጆች ጣታቸውን መጠቀም እንዲለምዱ የምታሠለጥን ባለሙያ ናት። ልብስ ሰፊው በሆዱ «የጣት ሐኪም» አላት፤ በአፉ ግን ዶክተር ይላታል።

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ» አለችው።

«እሺ ዶክተር።»

ሳቀችና ነገሩን አስረዳችው። ልጅቷ እንድትገባ አንድ ነገር ብቻ ይፈለጋል፤ ካፖርቷን ራሷ ለብሳ ራሷ መቆለፍ አለባት። «ለአሥራ ሁለት ልጅ ያለችን አንዲት ረዳት ናት። ሁሉንም ልቆልፍ ብትል የመጨረሻው ልጅ ጋ ሳትደርስ የመሄጃ ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሳምንት ልስጥዎትና እናያታለን።» ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። የልብስ መቆንጠጫ እየከፈተች ገመድ ላይ እንድትሰካ፣ ስፖንጅ እንድትጨምቅ፣ ወረቀት እንድትቀድ፣ ሊጥ እንድታድቦለብል። ከሥር ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ መስመር አለ፦ አይቸኩሉባት።

ወረቀቱን በአክብሮት አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ያ መሳቢያ ከተሠራ ጀምሮ የገባበት ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።

በማግስቱ ግን መሞከሩ አልቀረም። ሹራቧን አልብሶ «በይ አንቺ ቆልፊ» አላት። ድንቡሼ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ቁልፉን ያዘች። አመለጣት። ያዘች። አመለጣት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ልብስ ሰፊው ዞር አለ፣ ተመለሰ፣ አሳለ። አንድ ደቂቃ ከግማሽ ሲሆን አንጀቱ አልቻለም፤ እጁ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ ቆለፈላት። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቢጠይቁት «ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር ነው እንጂ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ማየት ያቃተው እሱ ነው።

እንግዲህ ሌላ አባት ቢሆን ወይ ይለምናል ወይ ይተወዋል። ይህኛው ግን ልብስ ሰፊ ነው። ሰማያዊ ካፖርት ሰፋላት፤ ከፊት አምስት ትልልቅ ቀይ ቁልፎች ያሉት። ቁልፎቹ ለዓይን ብቻ ናቸው። ቀዳዳ የሚመስለውም ጠርዙ በክር ተዘምዝሞ ውስጡ ያልተቀደደ ጨርቅ ነው። ከሥራቸው፣ ማንም በማያይበት፣ ተጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ የሚገጥም ብረት ተከለ። ሥራው ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ድንቡሼ በሁለት ቀን ለመደችው። ድምፁን ወደደችው። ትከፍታለች፣ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ቀጭ! ቀኑን ሙሉ ቤቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ዋለ፤ አባትም ከመኪናው ላይ ቀና እያለ ይስቅ ነበር። የሌሎቹን ልብሶቿን ቁልፍ እንኳ ሳይቀር በዚያው ዓይነት ቀየረው።

የፈተናው ቀን ድንቡሼ ካፖርቷን ለብሳ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችና እጇን ዘረጋች። ባለሙያዋ አጨበጨበች። ልብስ ሰፊው ከደስታው ብዛት ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።

«ጎበዝ! እስቲ ይህን ደግሞ» ብላ የትምህርት ቤቱን ካፖርት ከመስቀያው አወረደች።

ድንቡሼ በፈገግታ ለበሰችው። የመጀመሪያውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ጨርቁ ላይ ተጫነችው። ጠበቀች። ደግማ ተጫነችው፤ አሁን በሁለት እጇ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ጆሮዋን ወደ ቁልፉ አስጠጋች። ምንም ድምፅ የለም። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ተበላሸ። ሥራልኝ።»

ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ባለሙያዋ ሰማያዊውን ካፖርት አንሥታ ገለበጠችው፤ ብረቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ሥራው ልዩ ነው» አለች። «ግን ጋሼ፣ ልጅቷ አሁን ቁልፍ ማለት የሚጫኑት ነገር ነው ብላ ነው የምታምነው። ከባዶ ብጀምር ይቀለኝ ነበር። መጀመሪያ ይህን ማስረሳት አለብን።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እሷን አይቅጡብኝ።»

«ቦታውን ሦስት ወር ላቆየው እችላለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ ሌሎች የሚጠብቁ አሉ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ድንቡሼ መንገዱን ሁሉ የካፖርቷን ብረት እየከፈተችና እየዘጋች ሄደች። ቤት ሲደርሱ ሰፊው መቀሱን አወጣና የሁሉንም ልብሶቿን ብረት ፈትቶ ቁልፎቹን መለሰ። አለቀሰች። ሁለት ቀን አኮረፈችው። እሱም ማንን ያናግር? ሁለት ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር ተኮራርፎ ሠራ።

በሦስተኛው ቀን መሳቢያው ተከፍቶ ወረቀቱ ወጣ።

ባለሙያዋ አንድ ዘዴ ነግራው ነበር፤ ከመጨረሻው ይጀምሩ ብላ። እርስዎ ቁልፉን ከግማሽ በላይ ያስገቡት፣ እሷ መጎተቱን ብቻ ትሥራ። ያ ሲለምድላት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሱ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ሳቁ መጣበት። ራሱ ሙያውን የተማረው እንዲያ ነበር፤ ጌታው የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያሠሩት ያለቀ ልብስ ላይ ትርፍ ክር መቁረጥ ብቻ ነበር። ያለቀውን ልብስ ግን «የሠራሁት» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር።

ወፍራም ጨርቅ ቆርጦ፣ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቁልፍ ተክሎ፣ ሰፊ ቀዳዳ ቀደደለት። እሱ ይገፋል፣ እሷ ትጎትታለች። የመጀመሪያው ቀን ቁልፉ ብቅ ሲልላት ደንግጣ ለቀቀችው። ከዚያ ከቀዳዳው ማዶ ያለው ቁልፍ ያው የቅድሙ መሆኑን ለማረጋገጥ ጨርቁን ገልብጣ አየች። ሳምንት ካለፈ በኋላ ሌላ ጨርቅ፣ አነስ ያለ ቁልፍ። የልብስ መቆንጠጫዎቹን በመለኪያ ሜትሩ ላይ ትሰካለች፤ ደንበኛ ወገቡን ሊለካ ሲመጣ መጀመሪያ መቆንጠጫ ይነቀላል። አንድ ሰውዬ ሁለቱ ኮቱ ጀርባ ላይ ተሰክተውበት መንገዱን ሁሉ ይዟቸው ሄዷል።

ጠዋት የሹራቧ ነገር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሥራው ደግሞ ምንም አለመሥራት ነው። ቁልፉ ግማሽ ድረስ ገብቶ ተመልሶ ሲወጣ እያዩ ዝም ማለት። መጀመሪያ ሰሞን እጁን ኪሱ ይከታል፤ ኪስ አልበቃ አለው። በኋላ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት።

«ተው አባዬ» ትለዋለች፣ ገና ሲቁነጠነጥ። «እኔ።»

«መች ነካሁሽ?»

«ታያለህ።»

ማየቱም ጥፋት ሆኖ፣ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻዋን ትቆልፍ ጀመር። በዚያ ሰሞን ታላቅ እህቱ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ትደውላለች፤ ዘመድ የሚባል የቀረው እሷ ብቻ ናት።

«እንግዲህ ትምህርት ቤት ከገባችልህ አንተም እፎይ ትላለህ ወንድሜ» አለችው።

«አዎ» አላት።

ስልኩን ዘግቶ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። ድንቡሼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎችን በጫማ ማሰሪያ ላይ ትሰካ ነበር። እሱ ሲሠራ ያወራላታል፤ ልማዱ ነው። ይህ ኮሌታ ምን ነካው? ይህን ሱሪ የሰፋው ሰውዬ ተጣልቶ ነበር እንዴ ከጨርቁ ጋር? እሷም «እህ» ትላለች፣ አንዳንዴም «አዎ ነካው» ትላለች። ትምህርት ቤት ከገባች ግን ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ይህ ሁሉ አይኖርም። ማሰቡን ፈራና ካውያውን አጋለ።

በማግስቱ ጠዋት ድንቡሼ አራተኛውን ቁልፍ ልታስገባ ጫፍ ስትደርስ «ቶሎ በይ፣ ደንበኛ እየጠበቀን ነው» አለና እጁን ሰዶ አራተኛውንም አምስተኛውንም ቆለፈላት። የሚጠብቅ ደንበኛ አልነበረም። ሱቁ ገና አልተከፈተም።

አፍንጫዋን ሊነካ እጁን አነሣ። ድንቡሼ አልሳቀችም። የተቆለፈውን ሹራብ ቁልቁል አየችው፤ ከዚያ አምስቱንም አንድ በአንድ ፈታቻቸውና ከታች እንደገና ጀመረች። ልብስ ሰፊው ቆሞ ቀረ። ለምን እንዳደረገው ያውቃል። እሷ ስትችል እሱ ብቻውን ነው። ይህን ያህል ጊዜ የሚረዳት ይመስለው ነበር፤ ለካስ ውስጡ ያለ አንድ ክፉ ሰው እንዳትችል እየጸለየ ነበር። አፈረ። በልጁ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሦስተኛው ወር አለቀ።

«ውጭ ቢጠብቁ ይሻላል» አለችው ባለሙያዋ።

«ልግባ ዶክተር። አልነቃነቅም።»

«እጅዎን አውቀዋለሁ እኮ ጋሼ።»

«አልነቃነቅም አልኩ።»

ጥግ ላይ ያለች የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ ደረቱን ነክቶ፣ ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱ ካፖርት አዲስ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ገና ደረቅ ናቸው። ይህን ከሩቅ አይቶ አወቀ፤ ሙያው ነው። ድንቡሼ ከታች ጀመረች። አንድ። ምላሷ ወጣ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሁለት ጊዜ አመለጣት፤ ትንፋሿን ሰብስባ አስገባችው። አራት። ባለሙያዋ ሰዓቷን አላየችም፤ ሰፊው ግን የግድግዳውን ሰዓት ያይ ነበር፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኗል።

የቀረው የላይኛው ነው። የላይኛው ክፉ ነው፤ አገጭ ሥር ስለሆነ አይታይም፤ በዳበሳ ነው የሚሠራው። ሞከረች። ሞከረች። ሦስተኛውን ስትሞክር ቁልፉ ጫፉን አስገብቶ ተመለሰ። እጆቿን አወረደች። ወደ አባቷ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች፣ አገጯንም ቀና አደረገች።

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ቁልፉ ከዓይኑ አንድ ስንዝር ላይ ነው። በአንዲት ጣት፣ ሰው ሳያይ፣ ጫፉን ብቻ ገፋ ቢያደርገው ያልቃል። ወይም ደግሞ በግልጽ ቢቆልፍላት ፈተናው ይፈርሳል፤ እጁን ይዛው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ነገም ከነገ ወዲያም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ «አዎ ነካው» ትለዋለች። ሁለቱም እጁ ላይ ነበሩ።

«እምቢ» አላት።

ድንቡሼ የሰማችው እውነት አልመሰላትም። አገጯን ይበልጥ ቀና አደረገች። «አባዬ።»

«እምቢ የኔ ልጅ። አልቆልፍልሽም።»

ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሏት አያውቅም። በትንሽ ቡጢዋ ጉልበቱን መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ካፖርቶቹ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ ሄደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። ታልቅስ ትሥራ አይታወቅም። ባለሙያዋም አልተነሣችም፣ እሱም አልተነሣም። ጊዜው ረዘመ። በመተላለፊያው ልጆች እየጮኹ አለፉ።

ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ረጥቧል፣ ካፖርቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። እሱን አላየችውም። በፊቱ አልፋ ሄዳ ለባለሙያዋ አሳየቻት።

«ማን ቆለፈው?» አለቻት ባለሙያዋ።

«እኔ።»

ክፍሉን ላሳይሽ አለቻት። ድንቡሼ እጇን ሰጠቻት። ልብስ ሰፊው ከትንሿ ወንበር ለመነሣት ሲታገል ባለሙያዋ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እስከ ምሳ ትሞክረው። እርስዎ ይሂዱና ሥራዎን ይሥሩ፤ በስድስት ሰዓት ይምጡ። ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡሱ ይወስዳታል።»

«ደህና ዋይ ልበላት?»

ባለሙያዋ ወደ ልጅቷ አየች። «አኩርፋዎታለች ጋሼ። አሁን ባይሏት ይሻላል።»

ብቻውን ተመለሰ። እጁን የሚይዘው ሰው ስለሌለ መንገዱን በፈጣን እርምጃው ሄደና ከመቼውም ቀድሞ ደረሰ። ሱቁን ከፈተ። አንድ ሱሪ አንሥቶ «ይህ ዚፕ ደግሞ» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። የሚሰማው አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ የማያውቃት አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር ገባች። መስታወቱ ፊት አቁሟት፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሩ ይዞ፣ ተንበርክኮ ጫፉን ይሰካ ጀመር። ሴትዮዋ መጋረጃው ሥር የትንሽ ልጅ ነጠላ ጫማ አየች።

«ልጅ አለዎት እንዴ?»

መርፌዎቹን ከአፉ አወጣ። «አለችኝ። ሴት ናት።»

«የት ሄደች?»

ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀው ሁልጊዜ ረጅም መልስ ነበረው። መጋረጃ ገልጦ፣ አስተዋውቆ፣ የሰው ፊት ሲለወጥ አይቶ፣ እንዳላየ ሆኖ። አሁን አፉን ሲከፍት የመጣለት ሦስት ቃል ብቻ ነው።

«ትምህርት ቤት ናት።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በዚህ ሰዓት ልጅ ሌላ የት ይሆናል?

«ቀሚሱ ለሐሙስ ይደርስልኛል?» አለች።

ልብስ ሰፊው ሌላ ጥያቄ ጠበቀ። ስንት ዓመቷ ነው፣ ማን አለበሳት፣ ጠዋት እንዴት ወጣች። አምስቱንም ራሷ ነው የቆለፈችው ሊላት አማረው። ሴትዮዋ ግን በመስታወቱ ውስጥ የቀሚሷን ጫፍ ታይ ነበር። ደስ ብሎታል፤ ከልቡ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን የሚያካፍለው ሰው ግን ከመጋረጃው ወዲያም ሆነ ወዲህ የለውም።

«ይደርሳል» አላት። መርፌዎቹን መልሶ በከንፈሩ ያዘና የቀረውን ጫፍ፣ ሳይቸኩል፣ ሰካ።